የሞተረኛ ልብስ በበጋ ፀሐይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካቲት ከገባ እስከ ግንቦት ማለቂያ ድረስ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ቆም ብላችሁ የሚያልፉትን ሞተረኞች እዩ። ሄልሜት አጥልቀዋል። ከአንገት በታች ግን ብዙዎቹ በቲሸርት ናቸው። ለምን ሲባሉ መልሱ አጭር ነው፤ «ይሞቃል»። ልክ ናቸው፣ ይሞቃል። ነገር ግን ለሙቀት ተብሎ የተሠራ መከላከያ ልብስ አለ። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። እዚህ የሰፈሩት ጥያቄዎች መሀል ከተማ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዴሊቨሪ የምትሠሩትንም፣ በሞተር ሥራ የምትመላለሱትንም፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄዱትንም ይመለከታሉ።

አዲስ አበባ እኮ ያን ያህል ሞቃት አይደለችም። ስለ ምን ሙቀት ነው የምናወራው?

ስለ አየሩ ከሆነ እውነት ነው። በሞቃቶቹ ወራት እንኳ የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተረኛውን የሚያንገበግበው ግን አየሩ ሳይሆን ፀሐይዋ ነች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል።

በዚህ ላይ ከታች የጋለ አስፋልት አለ። በጉልበታችሁ መሀል የጋለ ሞተር አለ። ከፊታችሁ የሚኒባስ ጭስ አለ። ስትሄዱ ንፋሱ ያቀዘቅዛችኋል፤ መንገዱ ተጨናንቆ ስትቆሙ ንፋሱም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የመሀል ከተማ ሞተረኛ ልብስ ሲመርጥ «በፍጥነት ስሄድ ምን ይሰማኛል?» ብሎ ባይጠይቅም ግድ የለም። የሚጠየቀው «ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ቆሜ አውልቄ ልጣለው ያሰኘኛል ወይ?» የሚለው ነው። የወለቀ ልብስ ማንንም አይከላከልም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ከ40 አላልፍም። ለእኔም ያስፈልገኛል?

አዎ፣ ያስፈልግሃል፤ ለአንቺም ያስፈልግሻል። ብዙ ሰው አደጋን ከፍጥነት ጋር ብቻ ያያይዛል። ሞተረኛ ሲወድቅ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደርሱበታል፤ ምትና ፍትጊያ። ከመቀመጫው ላይ ወደ አስፋልት ስትወርዱ መሬት የምትመቱበት ኃይል በዋናነት የሚመጣው ከወደቃችሁበት ከፍታ ነው። ሞተሩ በ20 ቢሄድም በ60 ቢሄድም ከፍታው ያው ነው። ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌና ጉልበት ዋጋውን ይከፍላሉ። ፍጥነት በዋናነት የሚጨምረው ከወደቃችሁ በኋላ የምትንሸራተቱበትን ርቀት ነው።

መሀል ከተማ ውስጥ ደግሞ አወዳደቁ ይታወቃል። የቆመ መኪና በሩን ድንገት ይከፍታል። ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ወደ ዳር ይታጠፋል። እግረኛ በሁለት መኪና መሀል ብቅ ይላል። የእግረኛ መንገዱ የድንጋይ ጠርዝም እዚያው አጠገባችሁ ነው። እነዚህ ሁሉ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚደርሱ ናቸው። ስለዚህ ለከተማ ልብስ ስትመርጡ መጀመሪያ ፓዱን፣ ማለትም ምቱን የሚቀበለውን የውስጥ ትራስ፣ ቀጥሎ ጨርቁን እዩ። ሻጩ የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው።

ሜሽ ጃኬት ምንድን ነው? በሙቀት የሚሻለው እሱ ነው?

ሜሽ ማለት እንደ መረብ ክፍት ክፍት ያለ፣ ንፋስ በውስጡ የሚያልፍ ጠንካራ ጨርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ይሠራል። ደረቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ላይ ክፍት ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ላባችሁን ያደርቀዋል። ለአዲስ አበባ በጋ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት በታች ስለሆነ የሚገባው ንፋስ ሁልጊዜ ያቀዘቅዛል።

ድክመቱም ይነገር። መረብ የሆነው ክፍል ፍትጊያን የመቋቋም አቅሙ ከወፍራም የላም ቆዳ ያንሳል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ሜሽ የሆነውን ተዉት። ትከሻውና ክርኑ ላይ፣ ማለትም ስትወድቁ መሬት የሚነካው ቦታ ላይ፣ ጨርቁ ድፍን መሆን አለበት። ሜሹ ደረትና ጀርባ ላይ ይሁን።

ዚፕ ያላቸው የንፋስ መግቢያዎች ያሉት ድፍን ጃኬትም አለ። በረጅም መንገድ ጥሩ ነው። መሀል ከተማ ግን የሚገባው ንፋስ ትንሽ ስለሆነ ቆም እያላችሁ ስትሄዱ ብዙም አይረዳም።

ፒያሳና መርካቶ የሚሸጠው የአገራችን ቆዳ ጃኬትስ?

ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቆዳ አለን፣ ባለሙያ አለን። ነገር ግን ለመልበስ ተብሎ የሚሸጠው ጃኬት አብዛኛው ከበግ ሌጦ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ በግ ሌጦ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ለጓንት ነው። ስስ፣ ለስላሳና ለስስነቱ ጠንካራ ስለሆነ ይፈለጋል። ለሞተር ጃኬት ግን ስስነቱ ጉዳት ነው። ለሞተር የሚሠራ የላም ቆዳ ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ይወፍራል። የሚያምረው የፒያሳ ጃኬት ከዚያ በጣም ያንሳል። ስፌቱም በአብዛኛው አንድ መስመር ነው። አስፋልት ላይ ቆዳው ሳይቀደድ ስፌቱ ሊፈታ ይችላል።

ከቲሸርት ይሻላል? በጣም ይሻላል። ፓድ ግን የለውም። ንፋስም አያስገባም፣ ስለዚህ በሚያዝያ ቀትር ላይ አትለብሱትም። ቀድሞውኑ ካላችሁ ለማታና ለክረምት አስቀምጡት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ያን ገንዘብ ፓድ ያለው ሜሽ ላይ አውሉት።

ልብሱ ላይ ያለው ደረጃ ምን ይነግረኛል?

በአውሮፓ ደረጃ የተፈተሸ የሞተር ልብስ ውስጡ ላይ የተሰፋ መለያ አለው። የሞተረኛ ሥዕል፣ ኢኤን 17092 የሚል ቁጥርና የደረጃ ፊደል ታያላችሁ። ከፍተኛው ሦስት ኤ (AAA) ነው፤ ቀጥሎ ሁለት ኤ (AA)፣ ከዚያ አንድ ኤ (A)። በፍትጊያ ፈተናው በጣም የሚጋለጠው የልብሱ ክፍል ለሦስት ኤ በ120፣ ለሁለት ኤ በ70፣ ለአንድ ኤ በ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈተሻል። ቢ የሚለው ፍትጊያውን እንደ አንድ ኤ ይችላል፤ ፓድ ግን የለውም። ሲ የሚለው ደግሞ ፓድ ተሸካሚ ብቻ ስለሆነ ሌላ ልብስ ከላዩ ይፈልጋል።

ለመሀል ከተማ በሙቀት ጊዜ አንድ ኤ በቂ መነሻ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ዘወትር የምትመላለሱ ከሆነ ሁለት ኤ ፈልጉ። ሦስት ኤ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ከብዶ ቤት የሚቀር ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ፓዱም የራሱ ቁጥር አለው፤ ኢኤን 1621። ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 አለው። የጀርባ ፓድ ሲፈተሽ ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 18 ኪሎኒውተን ኃይል ወደ ሰውነት ሊያሳልፍ ይፈቀድለታል። ደረጃ 2 እስከ 9 ብቻ ነው። ልዩነቱ እጥፍ ነው ማለት ነው። የምትችሉ ከሆነ ለጀርባ ደረጃ 2 ግዙ።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ምን ምን ልይ?

ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ጃኬቱን ከመልበሳችሁ በፊት ገልብጡት። የጀርባውን ኪስ ክፈቱና ውስጡ ያለውን አውጡት። በርካሽ ጃኬቶች ውስጥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ተራ ስፖንጅ ነው። በሁለት ጣት ስትጨምቁት ጣቶቻችሁ ይገናኛሉ፣ ላዩ ላይም ምንም ቁጥር የለም። እሱ ቦታ መሙያ ነው። እውነተኛ ፓድ ከበድ ይላል፣ ተለጣጭ ነው፣ ቁጥሩና ደረጃው ላዩ ላይ ታትሟል። አንዳንዱ ላይ ቲ ፊደል ከመደመር ምልክት ጋር ታገኛላችሁ። ያ በ40 ዲግሪም ተፈትሾ ያለፈ ማለት ነው። አንዳንድ ፓድ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ወደ ቆላ ለምትወርዱ ይህን ምልክት ማየት ይጠቅማል።

ቀጥሎ ስፌቱን በሁለት እጃችሁ ወደ ግራና ቀኝ ሳቡት። በመሀሉ ብርሃን ከታየ መልሱት። ትከሻና ክርን ላይ ድርብ ስፌት መኖር አለበት።

አሁን ልበሱት። ከውስጥ ቲሸርት ብቻ ይኑር፣ ሹራብ አውልቁ። ሞተር ላይ እንደተቀመጣችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። የሚቻል ከሆነ ደጅ ያለው ሞተራችሁ ላይ ተቀመጡ። እጅጌው ከእጅ አንጓችሁ ላይ ከተሰበሰበ አጭር ነው። ከዚያ የክርኑን ፓድ ያዙና ለማዞር ሞክሩ። ከክርናችሁ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ከሄደ ስትወድቁም ይሄዳል። በሙቀት ጊዜ ሰው ሰፊ ልብስ ይወዳል። ሜሽ ግን ንፋሱን የሚያስገባው በጨርቁ በኩል ስለሆነ ሰፊ መሆን አያስፈልገውም፤ ልክ ሆኖ ይቀመጥ።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከምን ልጀምር?

ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጫማ፣ ጃኬት፣ ሱሪ። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሄልሜት ያገለገለ አትግዙ። ውስጡ ያለው ነጩ ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ከውጭ ምንም ሳይታይ አገልግሎቱን ጨርሷል። የሌላ ሰው ሄልሜት ምን እንደደረሰበት አታውቁም።

ጃኬት ግን ሰልባጅም ቢሆን ችግር የለም። መርካቶ ውስጥ ቦንዳ ሲፈታ አንዳንድ ጊዜ ጥሩ የሞተር ጃኬት ይወጣል፤ ፓዱ ወጥቶ ከሆነ ለብቻው ይገዛል። ክርኑና ትከሻው ላይ የተፋቀ ምልክት፣ የተተካ ስፌት ካለ እለፉት።

ሌላም መንገድ አለ። ፓዶቹን ለብቻ ገዝቶ ለልብስ ሰፊ መስጠት ነው። ወፍራም የካኪ ወይም የጂንስ ሱሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሰፊው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። ፓዱ የሚቀመጥበትን ቦታ በኖራ አስምሩት። ቆማችሁ ከተለካ ስትቀመጡ ፓዱ ወደ ጭን ይወጣል። ኪሱ ከውስጥ ይሰፋ፣ አፉ ከላይ ይሁንና በቬልክሮ ማጣበቂያ ይዘጋ። ክሩ የናይለን ይሁን። ይህ የተፈተሸ ልብስን አይተካም። ግን በባዶ ጉልበት ከመሄድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ወጪውም ቀላል ነው።

ሱሪስ? ጂንስ አይበቃም?

ተራ ጂንስ አስፋልት ላይ ለቅጽበት ነው የሚቆየው። ለሞተር የተሠራ ጂንስ ከውስጥ ኬቭላር ወይም ተመሳሳይ ጠንካራ ጨርቅ አለው፣ ጉልበትና ዳሌ ላይም የፓድ ኪስ። ሽፋኑ ሙሉ ከሆነ ይሞቃል። መቀመጫና ጉልበት ላይ ብቻ የተሸፈነው ለከተማ ይቀላል። ሜሽ ሱሪም አለ፤ ከሥራ ልብስ በላይ ተደርቦ ቢሮ ሲደረስ ይወልቃል። በቁምጣ ስለመንዳት የሚጠይቅ ካለ መልሱ ማርሚታው፣ ማለትም የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ነው። የውስጥ ባቱን ማርሚታ ያቃጠለው ሰው ጠባሳውን ያሳያችሁ።

ጓንት በሙቀት እጄን ያልበዋል። ግማሽ ጓንት ይሆናል?

አይሆንም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው መዳፉን ነው። ጣት ደግሞ ለመፋቅ ቀላል፣ ለመዳን አስቸጋሪ ነው። መዳፉ ቆዳ፣ የጣቶቹ ጀርባ ሜሽ የሆነ ጓንት ፈልጉ። አንጓው ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ይኑረው፤ አስራችሁ በሌላው እጅ ሳቡት። ከወለቀ ሌላ ሞክሩ። የግንባታ ጓንት ለፀሐዩ ይረዳል እንጂ በመጀመሪያው ምት ይወልቃል።

ዴሊቨሪ የሚሠሩ ልጆች ስልክ ለመንካት ብለው የቀኝ አመልካች ጣቱን በመቀስ ይቆርጡታል። ችግራቸው ይገባኛል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው። ጫፉ ስክሪን የሚነካ ጓንት አለና እሱን ግዙ። ባይገኝ እንኳ ቆማችሁ ጓንቱን አውልቁ እንጂ ጣቱን አትቁረጡ። ፍሬን የሚይዘው ያው ጣት ነው።

ምን ዓይነት ጫማ?

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ በእጅ ሲጠመዝዙት የማይጠመዘዝ፣ ሶሉ የማይንሸራተት። ሸበጥና ሰንደል ፈጽሞ አይሆንም። የሞተር ቡት ካልተገኘ ከስክስ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ጎኑ ሸራ የሆነው ደግሞ ለሙቀት ይቀላል። ክሩን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ማርሽ ላይ ይጠመጠማል። ካልሲ የጥጥ ብቻ ባይሆን ይሻላል፤ ላብ ይዞ እግር ይልጣል።

ሄልሜት ውስጥ እየተቀቀልኩ ነው። ምን ላድርግ?

ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን አትተዉ። አገጭም እንደ ሌላው የራስ ክፍል ይመታል። ግንባሩና አገጩ ላይ የንፋስ መግቢያ፣ ከኋላ ደግሞ መውጫ ያለውን ምረጡ። መግቢያ ብቻ ካለው አየሩ አይዞርም። የደረጃ ምልክቱ ኢሲኢ 22.06 ቢሆን የቅርቡ ነው። የውስጥ ጨርቁ የሚወልቅና የሚታጠብ ይሁን። በበጋ በየሳምንቱ እጠቡት። ከሥሩ ስስ ኮፍያ ካጠለቃችሁ ላቡን እሱ ይወስደዋል።

መንገድ ሲጨናነቅ መስታወቱን ከፍ አድርጉ። የአገጩን ማሰሪያ ግን አትፍቱ። ፈትቶ መሄድ እዚህ ከተማ ልማድ ሆኗል፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከራስ ቀድሞ ይወድቃል። ጥቁር መስታወት ለቀን ጥሩ ነው፣ ማታ ግን ያሳውራል። ከ12 ሰዓት በኋላ የምትሠሩ ነጩን ያዙ።

ሹሩባ ለተሠራችሁ ወይም ፀጉራችሁ ለተነሳ፤ ሄልሜት የምትለኩት ዘወትር በምትነዱበት የፀጉር አሠራር ነው። ለፀጉር ተብሎ ሰፊ ከተገዛ ፀጉሩ ሲቀየር ይዋዥቃል።

ጥቁር ወይስ ነጣ ያለ ቀለም?

ነጣ ያለ። ቆማችሁ ፀሐይ ሲመታችሁ ልዩነቱ ይሰማል፣ መኪና ነጂም ቶሎ ያያችኋል። አቧራው ያሳስባል ካላችሁ ግራጫ ይሁን።

ከጃኬቱ ሥር ምን ልልበስ?

እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ የስፖርት ልብስ። ኳስ ተጫዋቾች ከማሊያ ሥር የሚለብሱት ዓይነት። ላቡን ከቆዳ ላይ አንስቶ ለንፋሱ ይሰጠዋል። ጃኬቱም ክንዳችሁ ላይ አይጣበቅም። ጥጥ በቀትር ይመቻል፤ አመሻሽ ላይ ግን እርጥቡ ይቀዘቅዛል። በቀን ቦሌ ላይ ያላባችሁበት ቲሸርት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ጀርባችሁን ይቆርጠዋል።

አንገትን አትርሱ። በሄልሜቱና በጃኬቱ መሀል ያለው ክፍተት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ስስ የአንገት ጨርቅ ይበቃል፣ አቧራውንም ይይዛል።

በጾም ወቅት ውሃ ሳልጠጣ እየነዳሁ ነው። ልብሱ ይጎዳኛል?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ የብዙ ሞተረኛ ጉዳይ ስለሆነ። ሁዳዴ የሚውለው ልክ ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም እዚያው አካባቢ ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማታ ውሃ ሳይቀምሱ የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

የበጋው አየራችን ደረቅ ነው። ላብ እንደወጣ ስለሚተን ሰው ያላበው አይመስለውም። በቲሸርት የሚነዳ ሰው ቀዝቀዝ ብሎት ሳይታወቀው ብዙ ውሃ ያጣል። እጅጌ ያለው ሜሽ ጃኬት ፀሐዩን ከቆዳ ላይ ያነሳል፣ ትነቱንም ያዘገየዋል። ስለዚህ በጾም ወቅት ጥሩ ልብስ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ድፍንና ጥቁር ከሆነ ግን ይጎዳል።

ማታና ንጋት ላይ ውሃችሁን በደንብ ጠጡ፤ ቡና ብቻ አይሁን። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ሥራ መቀነስ የምትችሉ ቀንሱ። የማትችሉ የውስጥ ልብሳችሁን በውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ልበሱት፣ ከላይ ሜሹን ደርቡ። በደረቅ አየር በጣም ያቀዘቅዛል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የእጅ መዛል፣ የመንገዱ ምልክት እያለፈ አለማስተዋል፤ እነዚህ የመቆሚያ ምልክቶች ናቸው። ጥላ ፈልጉ፣ ሄልሜትና ጃኬት አውልቁ፣ አንገታችሁንና ብብታችሁን አርጥቡ። ሰውነት ሞቆ ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ፣ ላቡ ባይቆምም እንኳ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ። በዚህ ወቅት ጤናችሁ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ከሐኪምና ከንስሐ አባታችሁ፣ ወይም ከምታምኑት የሃይማኖት አባት ጋር ተመካከሩ።

ሜሽ ለብሼ ዝናብ ቢመጣስ?

በበልግ ይመጣል፣ ሳያስጠነቅቅም ይመጣል፤ አንዳንዴ በረዶ ጨምሮ። ብዙ ሜሽ ጃኬት ውኃ የማያስገባ ሽፋን ከውስጥ የሚለጠፍ አለው። ችግሩ መንገድ ዳር ቆማችሁ ጃኬቱን አውልቃችሁ ማስገባት ነው፤ ሜሹም ረጥቦ ይከብዳል። እኔ የምመርጠው ከላይ የሚደረብ ስስ የዝናብ ልብስ ነው። ተጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ይገባል። ማታ ሲቀዘቅዝም ንፋስ ይከለክላል። ሰፋ ያለ ግዙት፣ ከጃኬቱ በላይ ስለሚሆን።

ወደ አዳማና አዋሽ ስወርድም ይኸው ይበቃል?

እስከ ቢሾፍቱና አዳማ አዎ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ በከፍታም ብዙ መቶ ሜትር ትወርዳለች። ከዚያ አልፋችሁ መተሐራና አዋሽ ስትደርሱ ግን ሕጉ ይገለበጣል። አየሩ ከቆዳችሁ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ካለፈ በሜሹ የሚገባው ንፋስ ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ልብስ ማውለቅ ይብሳል። የንፋስ መግቢያውን ቀንሱ፣ የውስጥ ልብሱን አርጥቡ፣ ደጋግማችሁ ውሃ ጠጡ። ውሃው ላይ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ቢጨመር ጥሩ ነው፤ በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። 

ከኋላ የሚቀመጠው ሰውስ?

ለእናንተ የሚያስፈልገው ሁሉ ለእሱም ያስፈልገዋል። ቢያንስ ሁለተኛ ሄልሜት፣ ጓንትና የተዘጋ ጫማ ይኑር። እናትን ወይም እኅትን ቤተ ክርስቲያን የምታደርሱ ከሆነ ነጠላዋ ከጃኬት ሥር ይግባ፤ ጫፉ ከኋላ ጎማ ወይም ከሰንሰለት ጋር ከተያያዘ የሚመጣው አስፈሪ ነው። ረጅም ቀሚስም ይሰብሰብ። የማርሚታው ቦታ የት እንደሆነ ሳትነሱ በጣት አሳዩዋት።

የዴሊቨሪ ሣጥን በጀርባዬ ተሸክሜ ሜሽ ምን ይጠቅመኛል?

ጀርባው ይዘጋል፣ ደረቱና እጅጌው ግን ይሠራል። የሚሻለው ሣጥኑ ሞተሩ ላይ መታሰሩ ነው። ጀርባችሁ ይተነፍሳል፣ ስትወድቁም ጠንካራ ሣጥን አከርካሪያችሁን አይጫነውም። በጀርባ መሸከም ግድ ከሆነ አንጸባራቂ ሰደርያውን ከሣጥኑ ሥር አትልበሱ፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና አያየውም። አንጸባራቂው ሣጥኑ ላይ ይለጠፍ።

እንዴት ነው የሚታጠበው?

በበጋ ላብና አቧራ ሜሹን ይደፍነዋል፣ ሲደፈን ንፋስ አያልፍም። ፓዶቹን አውጡ። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቡ። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ክሩንም ኬቭላሩንም ያደክማል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ጥላ ውስጥ ንፋስ ያድርቀው። ብርቱ ፀሐይ ናይለንን ቀስ በቀስ ያዳክማል። ፓዶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ስትመልሷቸው ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን እዩ፤ አብዛኞቹ ላይ ምልክት አለ። የክርን ፓድ ተገልብጦ ከገባ ክንዳችሁን ስታጥፉ ይቆረቁራል፣ ወዲያው ታውቁታላችሁ።